የደረት ግፊትን ጥልቀት በእንቅስቃሴ ሴንሰር መለካት፦ ስንሠራው ያየሁት

ልቡ ድንገት ለቆመ ሰው ደረቱን መጫን ጊዜ የማይሰጥ እርዳታ ነው። ምን ያህል ጠልቆ ይጫን? ለአዋቂ ሰው መመሪያዎቹ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ 6 ይላሉ። ፍጥነቱ ደግሞ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ተንበርክኮ ለሚጫን ሰው ግን አንድ ሴንቲ ሜትርን በእጁ መለየት በጣም ይከብደዋል። ሦስት ተኩል የተጫነውም አምስት የተጫነውም "በደንብ ተጭኛለሁ" ብሎ ነው የሚነሳው።

እኔ የኤሌክትሮኒክስ ሰው ነኝ። ሲፒአር (ደረት በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት የሚደረገውን ይህን እርዳታ) ከሚያሠለጥኑ ነርሶች ጋር ሆነን ለልምምድ አሻንጉሊት የሚሆን ቀላል የጥልቀት መለኪያ ስንሠራ ቆይተናል። ይህን የምጽፈው እንደዚህ ያለ ነገር ለመሥራት ላሰባችሁ ነው። የተሠራውን ገዝታችሁ "ቁጥሩን ምን ያህል ልመነው?" ለምትሉም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ጥልቀት መሳት የጀማሪ ችግር ብቻ አይደለም። ኩወንሆቨን፣ ጁድ እና ኒከርቦከር ደረትን ከውጭ በመጫን ደም ማዘዋወር እንደሚቻል የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በእውነተኛ ሕመምተኛ ላይ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ የሚለካ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2005 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በስቶክሆልም፣ በለንደንና በኖርዌይ አከርሹስ የአምቡላንስ ባለሙያዎች የሰጡትን እርዳታ ለካ። 176 ሕመምተኞች ነበሩ። ልብ ሥራ ካቆመበት ጊዜ 48 በመቶ የሚሆነው ደረት ሳይጫን ያለፈ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 34 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ያኔ የሚፈለገው ከ38 እስከ 51 ሚሊ ሜትር ነበር። እነዚህ ሥራቸው ይህ የሆነ ሰዎች ናቸው። ይህን እንድናውቅ ያደረገው ደረት ላይ የሚቀመጥ፣ አክሰለሮሜትር የሚባል የእንቅስቃሴ ሴንሰር ያለበት ትንሽ ቁራጭ ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ሴንሰሩ ጥልቀትን አያውቅም። አክሰለሮሜትር የሚለካው ፍጥንጥነትን ነው፤ ማለትም ፍጥነት ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀየር። መኪና ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትቀመጡ ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥና ፍሬን ሲይዝ ይሰማችኋል። ስንት ሜትር እንደሄዳችሁ ግን ከዚያ ስሜት ተነስታችሁ ማስላት ይኖርባችኋል። ሴንሰሩም ያለው ይኸው ስሜት ብቻ ነው። ፍጥንጥነቱን አንዴ ስታጠራቅሙት ፍጥነት ይሆናል። ፍጥነቱን መልሳችሁ ስታጠራቅሙት ርቀት ይሆናል። በሒሳብ ቋንቋ ሁለት ጊዜ ኢንተግሬት ማድረግ ነው።

ጣጣው ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሴንሰሩ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ እንኳ ንባቡ ትንሽ ይዛባል። ስህተቱ የመሬት ስበት መቶኛ ብቻ ነው እንበል፤ በሰከንድ ስኩዌር 0.098 ሜትር ማለት ነው። ምንም አይመስልም። ሁለት ጊዜ ሲጠራቀም ግን ከአንድ ሰከንድ በኋላ 4.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከአሥር ሰከንድ በኋላ 4.9 ሜትር። አሻንጉሊቱን ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ወለሉን በስቶ የወረደ ደረት ያሳያችኋል። ስህተቱ የሚያድገው በጊዜ ስኩዌር ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኤምፒዩ-6050 የሚባለው ቺፕ በዳታ ሺቱ ላይ የሚፈቀድለት የዜሮ መዛባት በላይና ታች አቅጣጫ እስከ 0.08 የስበት መጠን ነው። ከላይ ከሰጠሁት ምሳሌ ስምንት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ካሊብሬት ሳይደረግ፣ ማለትም ዜሮው ሳይታረም፣ ምንም ማስላት አይቻልም። ካሊብሬት ተደርጎም ብቻውን አይበቃም፤ ሙቀት ሲቀየር ዜሮውም ይቀየራል።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ አቋራጭ ይፈልጋል። "ኢንተግሬሽኑን እንተወውና ትልቁን የፍጥንጥነት ንባብ እንደ ጥልቀት እንውሰደው" ይላል። ይህን አታድርጉ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ። ግፊቱ የሳይን ሞገድ ቢመስል፣ በደቂቃ 110 ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር መጫን ወደ 3.3 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ጫፍ ይሰጣል። የስበት ሲሶ ገደማ ነው። ይኸው 3.3 በደቂቃ 100 ለሚጫን ሰው 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በደቂቃ 120 ለሚጫን ደግሞ 4.2 ብቻ። ሴንሰሩ ያነበበው አንድ ሆኖ አንዱ የላይኛው ወሰን ጫፍ ላይ፣ ሌላው ከልክ በታች ነው። እንዲያውም ቶሎ ቶሎ የሚጫነውን፣ በተግባር ብዙ ጊዜ ጥልቀት የሚያጣውን ሰው፣ መሣሪያው "ጎበዝ" ይለዋል። ይህ ለሥልጠና ከመለኪያ አለመኖር የባሰ ነው።

መፍትሔው ደረት መጫን ራሱ የሚሰጠን ስጦታ ነው። ግፊት ተደጋጋሚ ነው። እያንዳንዱ ግፊት ከላይ ይጀምራል፣ ታች ይደርሳል፣ ይመለሳል። ላይና ታች ጫፍ ላይ ፍጥነቱ ለቅጽበት ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ለአሥር ሰከንድ ያለማቋረጥ ማጠራቀም አያስፈልግም። በደቂቃ 110 ሲጫን አንድ ዙር ወደ 0.55 ሰከንድ ነው። በየዙሩ መጀመሪያ ሒሳቡን ከዜሮ ትጀምሩታላችሁ። የዙሩን አማካይ ፍጥንጥነት ከእያንዳንዱ ንባብ ትቀንሳላችሁ። ፍጥነቱ ከዜሮ ተነስቶ ወደ ዜሮ ከተመለሰ የዙሩ አማካይ ዜሮ መሆን አለበት፤ የተረፈው ሁሉ የሴንሰሩ መዛባት ነው። በዚህ አንድ እርምጃ ቋሚው ስህተት ከነሥሩ ይነቀላል። እኛ ዘንድ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያመጣው ይህ ነው።

ዙሩ የት እንደሚጀምር በምን ይታወቃል? እኛ ሁለት መንገድ ሞክረናል። አንዱ ከፍጥንጥነቱ ቅርጽ መፈለግ ነው። ይሠራል፤ ግን ተጫኙ ሲደክመውና ምቱ ሲዛባ ይስታል። ሁለተኛው ከመሣሪያው ሥር ቀጭን የኃይል ሴንሰር ማስገባት ነው። እጅ ማረፍ ሲጀምርና ሲለቅ በግልጽ ይነግራል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አክሰለሮሜትርን ከእንዲህ ያለ ረዳት ምልክት ጋር ማጣመር የቆየ ሐሳብ ነው። አሴ እና ሚክለቡስት በ2002 በአይትሪፕልኢ (የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር) መጽሔት ላይ ስለ ጥልቀት ስሌት የጻፉት ዘርፉን ላጠና ሁሉ መነሻ ነው። ሌላ መንገድም አለ። የጥቂት ሰከንድ ንባብ ወስዶ በፉሪየር ትራንስፎርም ወደ ድግግሞሽ መቀየር፣ ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል በድግግሞሹ ስኩዌር ማካፈል ነው። መንሸራተት የሚባለውን፣ ትንሹ ስህተት እየተጠራቀመ የሚያድግበትን ጣጣ፣ ጨርሶ ያልፈዋል። ግን የሚሰጠው አማካይ ጥልቀት ነው። አንዷን ደካማ ግፊት ለይቶ አያሳይም፤ ተጫኙ ቆም ሲልም ግራ ይጋባል።

መንሸራተቱን ለማስተካከል ፊልተር ብቻ የሚጠቀሙም አሉ። ከግማሽ ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጦ የሚጥል ፊልተር መንሸራተቱን ይቀንሳል። ችግሩ ከእረፍት በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ግፊቶች ማዛባቱ ነው። ሁለት ትንፋሽ ከተሰጠ በኋላ የሚመጡት ግፊቶች ደግሞ በትክክል ማየት የምንፈልጋቸው ናቸው። ስለዚህ ተጫኙ ሲያቆም መለየት የሚችል ኮድ ጻፉ። ንባቡ ለአፍታ ከረጋ ፍጥነትንም ርቀትንም ዜሮ አድርጉ።

አሁን ስለ ጥቃቅን ነገሮች። ጥቃቅን ይባሉ እንጂ ሴንቲ ሜትር ይበላሉ።

ጊዜ አንዱ ነው። ኮዱ በየ10 ሚሊ ሰከንድ ነው የማነበው ብሎ ያስብና እውነተኛው 11 ይሆናል። ስክሪን ላይ መጻፍ፣ ድምፅ ማውጣት፣ ካርድ ላይ መመዝገብ ጊዜ ይወስዳሉ። የአሥር በመቶ ልዩነት ነው። ጊዜ ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ ግን 5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግፊት 4.1 ሆኖ ይነበባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ንባብ ከራሱ ሰዓት ጋር ያዙት። በሰከንድ 100 ጊዜ ማንበብ ይበቃል፤ ቢበዛ ይሻላል።

ሌላው የመለኪያው ወሰን ነው። ቺፑ ሲነሳ ፕላስ ማይነስ 2 ስበት ላይ ነው። አንዱን ስበት መሬት ራሷ ወስዳዋለች። ኃይለኛ ሰው ደረቱን እንደመምታት አድርጎ ሲጫን ንባቡ ጣሪያውን ይነካና ይቆረጣል። የተቆረጠ ንባብ ምንም ሒሳብ አያድነውም። ወደ 4 ወይም 8 ቀይሩት።

ዘንበል ማለትም አለ። ተጫኙ ሲደክመው እጁ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ መሣሪያው አብሮ ያዘነብላል። 10 ዲግሪ ሲያዘነብል ወደላይና ታች ባለው አቅጣጫ ከስበት አንድ ነጥብ አምስት በመቶ ይጎድላል። ዙሩን በሙሉ እንደዚያው ካዘነበለ የአማካዩ ቅነሳ ያርመዋል። በአንዱ ግፊት ውስጥ እየተወዛወዘ ከሆነ ግን አያርመውም፤ ጋይሮስኮፕ (መዞርን የሚለካ ሴንሰር) ያስፈልጋል። ኤምፒዩ-6050 ሁለቱንም ስለያዘ ደግ ነው። በሜካኒካል በኩል ደግሞ መሣሪያው ሰፋ ያለ፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ ሳህን ላይ ይሁን። ስፖንጅ አታልብሱት። እጅ እንዳይጎዳ ብላችሁ ከሥሩ ለስላሳ ነገር ካደረጋችሁ፣ የምትለኩት የስፖንጁንም መታመቅ ነው። የእጅ ሰዓትና ስልክ ላይ የሚሠሩ ሙከራዎች አሉ። እኔ በግሌ የእጅ አንጓ ላይ ያለ ሴንሰርን ብዙ አላምንም፤ አንጓ በየግፊቱ ይታጠፋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አንድ ትልቅ ነገር ይቀራል። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበው እሱ ነው፦ ፍራሽ።

ሴንሰሩ የሚለካው የራሱን ጉዞ ነው፤ የደረትን መታመቅ አይደለም። ወለል ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። አልጋ ላይ አይደሉም። ደረቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ታምቆ ፍራሹ ደግሞ 2 ቢሰምጥ፣ ሴንሰሩ 5 ተኩል ብሎ አረንጓዴ መብራት ያበራል። ተጫኙ ደስ ይለዋል። ሕመምተኛው የሚያገኘው ግን 3.5 ነው። ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ ኮዱም ትክክል ነው። ያለበትን ቦታ ስለማያውቅ ብቻ ነው። ከነርሶቹ ጋር ይህን ለማየት አንዱን አሻንጉሊት መጀመሪያ ወለል ላይ፣ ከዚያ አልጋ ላይ አድርገን ተጫንን። አሻንጉሊቱ ውስጥ ያለው መለኪያና የእኛው ሴንሰር ወለሉ ላይ ተስማሙ። አልጋው ላይ ተራራቁ። ከነርሶቹ አንዷ ለዓመታት አልጋ ላይ ስትጫን የኖረች ናት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቁጥሮቹን አየች። እኔም የምናገረው አልነበረኝም።

ጀርባ ሥር ጠንካራ ሰሌዳ ማስገባት ይረዳል። ፍራሹ ከሰሌዳው ጋር አብሮ ስለሚሰምጥ ግን ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ትክክለኛው መንገድ ሁለት አክሰለሮሜትር ነው፤ አንዱ ደረት ላይ፣ ሌላው ጀርባ ሥር። የላይኛው ጉዞ ከታችኛው ሲቀነስ የደረቱ መታመቅ ይቀራል። ኤምፒዩ-6050 ሁለት አድራሻ ስላለው ሁለቱን በአንድ መስመር ማገናኘት ይቻላል። የአንዱን የአድራሻ እግር ወደ 3.3 ቮልት መሳብ ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት እንዲነበቡ ተጠንቀቁ። መስመሩም ረጅም አይሁን፤ ሽቦው ሲረዝም ንባብ መዝለል ይጀምራል። በሚሄድ አምቡላንስ ውስጥም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። የመኪናው መንገጫገጭ ከግፊቱ ጋር ይደመራል፤ ሁለተኛ ሴንሰር ካለ በከፊል ይቀነሳል። በዚህ ምክንያት አክሰለሮሜትርን ትተው ከደረትና ከጀርባ በሚቀመጡ ሁለት ቁራጮች መካከል ያለውን ርቀት በመግነጢሳዊ መስክ የሚለኩ መሣሪያዎችም ተሠርተዋል።

ኃይል መለካትስ አይቀልም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ደረት ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ በትንሽ ክብደት ይታመቃል፣ ሌላው ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። በአንድ የኃይል ልክ ሁሉንም መጫን ለአንዱ ማነስ፣ ለሌላው መብዛት ነው። ለጥልቀት የሚሆነው ጥልቀት ራሱ ነው።

ይሁን እንጂ የኃይል ሴንሰሩን አትጣሉት። አክሰለሮሜትር ጨርሶ ሊነግራችሁ የማይችለው አንድ ነገር አለ። ተጫኙ በየግፊቱ መሃል እጁን ሙሉ በሙሉ ይለቃል ወይስ ደረቱ ላይ ተደግፎ ይቀራል? ደረት ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ነው ልብ በደም የሚሞላው። በየዙሩ ሒሳቡን ከዜሮ ስለምንጀምር፣ ላይኛው ጫፍ ከእውነተኛው ዜሮ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ሴንሰሩ አያውቅም። የኃይል ሴንሰሩ ግን መደገፉን ወዲያው ያሳያል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ነው ሙሉ ሥዕል የሚገኘው።

መሣሪያው ትክክል መሆኑን በምን አረጋገጣችሁ ለምትሉ፣ ውድ ነገር አልተጠቀምንም። አሻንጉሊቱ አጠገብ ማስመሪያ አቁመን በስልክ በሰከንድ 240 ምስል ቀረጽን። ከዚያ ግፊቶቹን አንድ በአንድ እያቆምን አነበብን። ካሜራው ከሳህኑ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ካልሆነ ማስመሪያው ይዋሻል። በዝግታም በፍጥነትም፣ በጥልቀትም በጥቂቱም፣ ደክሞትም የተጫነ ሰው ያስፈልጋል። ጥሩ አድርጎ በሚጫን ሰው ብቻ የተፈተነ መሣሪያ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ይወድቃል።

ለተጫኙ ምን እናሳየው የሚለውም ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ቁጥር አሳየን፤ ሰዎች ቁጥሩን ሲያሳድዱ ምቱን አጡ። አሁን የምናሳየው ትንሽ ነው። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ግፊቶች አማካይ ከ5 ካነሰ "በርታ፣ ጠልቀህ ተጫን" የሚል ድምፅ። ከ6 ከበለጠ "ቀለል አድርግ"። ከልክ በላይ ሲጠልቅ የጎድን አጥንትና ሌላ ጉዳት ይጨምራል፤ ስለዚህ ላይኛውም ወሰን የሚናቅ አይደለም። ለፍጥነቱ በደቂቃ 110 የሚመታ የሜትሮኖም ድምፅ አለ። ሌላው ሁሉ ከልምምድ በኋላ በግራፍ ይታያል። እዚያ ላይ ሰዎችን የሚያስደነግጠው የድካም መስመር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጥልቀቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ተጫኙ ግን አይሰማውም። መመሪያው በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ የሚለው ለምን እንደሆነ ከዚያ መስመር በላይ የሚያስረዳ የለም።

መሣሪያው ሕይወት ያድናል ብዬ ግን አልሸጥላችሁም። በ2011 ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ በሥራ ላይ እያለ ግብረ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ የግፊቱን ጥራት እንዳሻሻለ፣ ልቡ የተመለሰ ሰው ቁጥር ግን እንዳልተለወጠ አሳይቷል። በ2014 ሰርኩሌሽን በተባለው የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ከ9 ሺህ በላይ ሕመምተኞችን አይቶ፣ ከፍተኛው የመትረፍ ዕድል 45.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ እንደሆነ ጽፏል። ጥልቀት ትርጉም አለው፤ ብቻውን ግን ሁሉም አይደለም። እቤት የተሠራ መሣሪያ ደግሞ ለልምምድ ነው። በእውነተኛ ሰው ላይ እጃችሁን አታዘግዩ፤ እርዳታ ጥሩ፣ ወለል ላይ አድርጉት፣ ተጫኑ።

ልጆች ላይ ቁጥሩ ይለያል። ለሕፃን ወደ 4፣ ለልጅ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መሠረቱ የደረት ውፍረት ሲሶ ነው። የአዋቂ ወሰን የተጫነበት መሣሪያ የሕፃን አሻንጉሊት ላይ እንዳይቀመጥ፣ መቀየሪያ ቁልፍ ይኑረው። የትኛው ላይ እንዳለም በትልቁ ይጻፍበት።

ከእያንዳንዱ ሥልጠና በፊት የምናደርገው ፍተሻ አጭር ነው። በትክክል 5 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ማቆሚያዎች ያሉት የእንጨት ማዕቀፍ አለን። መሣሪያውን እዚያ ውስጥ አስገብተን ከሜትሮኖሙ ጋር ላይና ታች እናመላልሰዋለን፤ መጀመሪያ በ100፣ ቀጥሎ በ120። በሁለቱም 5 አካባቢ ካሳየ ወደ አሻንጉሊቱ ይሄዳል። በአንዱ ብቻ ትክክል ከሆነ ዙሩን የሚለየውን ኮድ እናያለን። በሁለቱም ከሳተ የሰዓት ንባቡን አይተን፣ ሴንሰሩ ከሳህኑ ላልቶ እንደሆነ ፈትሸን፣ ካሊብሬት አድርገን፣ ከእንደገና እንጀምራለን።